እርጥቡ ምርጊት

ኦቦ ደበላ ከነሕይወቴ ግድግዳ ውስጥ መረጉኝ። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሲጀመር ከአምቦ ሸሽቼ ጉደር አጠገብ ባለው አሮጌ ቤታቸው ተደብቄ ነበር።

ኦቦ ደበላ ቡና በኮንትሮባንድ ያሻግራሉ። ኬላ ሲደርሱ በቅሏቸው ላይ እንዳሉ ከረባት ያስራሉ፤ “ከረባት ያሰረ ሹም ይመስላል፤ ማን ይፈትሸዋል?” ይላሉ። ቡናውን የሚሸሽጉት በሁለት ግድግዳዎች መካከል ነው፤ መግቢያውን በማገር ዘግተው ጭቃ ይመርጉበታል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አፈሳው መንደሩ መድረሱን ሲሰሙ እኔንም ከጆንያዎቹ ጋር አስገብተው መረጉብኝ።

“እንዳትስል” አሉኝ፤ “ቡና አይስልም።”

ሁለት ታጣቂዎች ገቡ፤ አለቃቸው ደጅ ቀረ። አንዱ ግድግዳውን ሲዳብስ ተሰማኝ።

“ኦቦ ደበላ፣ ይሄ ምነው ረጠበ?”

“ለበዓል አስመርጌው ነው።”

“የምን በዓል? ፋሲካ ካለፈ ወሩ።”

ሳንጃው ጭቃውን ወግቶ ጆሮዬ ሥር ያለውን ጆንያ ቀደደው። ሽንቴ አመለጠኝ። ቡናው በቀዳዳው እየተንኮሻኮሸ ወደ ውጭ ፈሰሰ፤ ታጣቂው ሳቀ።

ኦቦ ደበላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ልጆቼ፣ በረት ውስጥ ሌላ ቡና አለ። እሱን ለአለቃችሁ አሳይቼ እጄን እሰጣለሁ። ይሄኛውን ሲመሽ መጥታችሁ ለራሳችሁ ውሰዱት።”

ታጣቂዎቹ ተንሾካሾኩ። ከዚያ የሦስቱም ኮቴ ወደ በረቱ ራቀ።

ምርጊቱን በጥፍሬ ቧጥጬ ስወጣ ቤቱ ባዶ ነበር። ኦቦ ደበላን ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። የተረፍኩት እኔ ነኝ።