መስመሩ ደህና የሆነ ሰሞን

ነገሌ ቦረና በሠራሁባቸው ዓመታት ስልኬ የሚጮኸው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነበር። ቤተሰቦቼ ሩቅ ናቸው፤ ጓደኞቼም አንድ በአንድ ዝውውር አግኝተው ሄደዋል። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስላልሆንኩ የሚያዛውረኝም አልነበረም።

የምሠራው ነገሌም ሞያሌም ሱቅ ለነበራቸው አንድ ሐጂ ነው። ከነገሌው ሱቅ ጀርባ፣ ከሩዝ ከረጢቶቹ አጠገብ፣ ሦስት ኮምፒዩተሮች አስቀምጬላቸዋለሁ፤ አንዱ የሱቆቹ ዕቃ የሚመዘገብበት፣ ሌላው የጥበቃ ካሜራዎቹ፣ ሦስተኛው የዘመዳቸው ክሊኒክ የሚጠቀምበት። ከውጭ የሚታየው የኢንተርኔት አድራሻ ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የፖርት ቁጥር ሰጠሁ፤ ከውጭ የሚመጣው ቁጥሩን ይዞ ይመጣል፣ መስመሩን የሚያከፋፍለው ራውተርም ቁጥሩን አይቶ ወደየማሽኑ ያሳልፈዋል። የተከራየሁበት ግቢም እንደዚያው ነበር። የውጭ በሩ አንድ፣ ተከራዩ ብዙ፤ ለበሩ የምቀርበው እኔ ስለሆንኩ የምከፍተውም እኔ ነኝ። ማንን ፈልገው እንደመጡ እጠይቅና የነርሷን እንግዳ ወደ ነርሷ፣ የሹፌሩን ወደ ሹፌሩ እመራለሁ። ለእኔ የመጣ አልነበረም። ነገሩ ያበሽቀኝ ነበር፤ አንዳንድ ቀን በሩ ሲንኳኳ እንዳልሰማ እሆናለሁ።

የምትደውልልኝ የሞያሌው ሱቅ ዕቃ መዝጋቢ ነበረች። መልኳን አይቼ አላውቅም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኮምፒዩተሮቹ ከራውተሩ የሚያገኙት የውስጥ ቁጥር ይቀያየርና ራውተሩ እንግዳውን የማይሆን ቤት ያስገባዋል። እሷ ግን ችግሯን ቀድማ አትናገርም። "አካም? ናጋ?" ትላለች በኦሮምኛ፤ ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ትጠይቃለች። ሰላምታ ሳያልቅ ጉዳይ ማንሳት ቦረናዎቹ ዘንድ ነውር ነው። እኔም ሆን ብዬ መልሱን አስረዝማለሁ። አንድ ቀን ሰላምታችን ሲያልቅ፣ ስንት ኩንታል ስኳር እንደቀረ ለማየት መዝገቡን ስትከፍት ነገሌ ሱቅ ደጃፍ የቆሙ ፍየሎች እንደመጡባት ነገረችኝ። ካሜራው ነበር። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ያን ቀን ራቴን ጥሩ አድርጌ በላሁ።

ሐጂ ግን አልሳቁም፤ ይሄን ነገር መላ በለው አሉኝ። ባትሪ አስገዛኋቸው፣ ለእያንዳንዱ ማሽንም የማይቀየር የውስጥ ቁጥር ሰጠሁት። መቼስ ሥራዬን አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መብራት ቢሄድ ቢመጣ የሚበላሽ ነገር ጠፋ። ስልኬም ዝም አለ። ሰው አለኝ የምለው በብልሽቱ ምክንያት ብቻ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ በጣም ከፋኝ። ምናልባት ስልኩ ራሱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በነርሷ ስልክ ደውዬ ሞከርኩት። ይጮኻል።

ዝናቡ ከገባ በኋላ አንድ ከሰዓት ደወለች። ሰላምታው እንደወትሮው ረጅም ነበር፤ አለቀ። ችግሩን እስክትነግረኝ ጠበቅሁና ምን እንደተበላሸ ጠየቅኋት።

"ምንም። ሁሉም ይሠራል" አለች። "ድምፅህ ሲጠፋብኝ ጊዜ፣ ደህና ነው ወይ ብዬ ነው።"

ስመኘው የኖርኩት ስልክ ይኸው ነበር። ግን ስለ ዝናቡ ተጠያይቀናል፣ ስለ ጤናም ተጠያይቀናል፤ ከዚያ ወዲያ ከእሷ ጋር የማውቀው ወሬ የብልሽት ብቻ ነው።

"ለማንኛውም የሱቃችሁን ራውተር አጥፍተሽ አብሪው" አልኳት።

"እሺ" ብላ ዘጋች። ኮምፒዩተሬ ላይ የሞያሌው መስመር ጠፋ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ያልኳትን አድርጋለች ማለት ነው። ስልኩን በእጄ ይዤ ጠበቅሁ። አልደወለችም፤ ለምን ትደውላለች፣ ሁሉም ይሠራል።