ክርስትና አባት ከቴሌግራም

ባለፈው እሁድ ጠዋት... እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆሜ የልጄን ክርስትና አባት እጠብቃለሁ። ልጁ አርባ ቀኑ ነው። ቤት በጉ ታርዷል፣ ጠላው ደርሷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቷል። የቀሩት ክርስትና አባቱ ብቻ ናቸው። እኔ ደግሞ ሰውየውን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

አትሳቁ። ላስረዳችሁ።

እኔ በሬ አደልባለሁ። ቴሌግራም ላይ የአድላቢዎች ግሩፕ አለን። እዚያ ውስጥ «የአንበሳሜው መብረቅ» የሚባሉ ሰው አሉ። ፎቷቸው አንድ ግዙፍ ሰንጋ ነው። ሲጽፉ አያረዝሙም። «ፉርሽካ ይቀንሱ።» «ውኃ ያብዙ።» በቃ! ሰላምታ የለ፣ የሚስቅ ፊት የለ። አንድ ቀን በሬዬ ሆዱ ተነፍቶ ሊሞትብኝ ሲል «ፊቱን ወደ ዳገት ያቁሙት፣ ዘይት ያጠጡት» እያሉ በጽሑፍ አብረውኝ ውለው አተረፉልኝ። ያን ቀን ከሚስቴ ጋር «ልጅ ከወለድን አበልጃችን እኚህ ሰው ናቸው» ተባባልን።

ሚስቴ ግን ቀኑ ሲደርስ ሐሳብ ገባት። «ለመሆኑ ወንድ መሆናቸውን በምን አወቅህ?» አለችኝ።

ሳቅሁባት። እኔ እኮ ሰው አጻጻፉን አይቼ ወንድና ሴቱን የምለይ ሰው ነኝ! ጓደኞቼ ፌስቡክ ላይ ቆንጆ ሲተዋወቁ መጀመሪያ የሚያሳዩት ለእኔ ነው። አበባ የሚያበዛ ሴት፣ ቃል የሚቆጥብ ወንድ... ይሄው ነው ሚስጥሩ።

«እስኪ ደውልላቸው» አለች። ደወልሁ። አላነሱም። «ስልክ ማውራት አልወድም፣ ይጻፉልኝ» ብለው መለሱ።

«አየሽ? ወሬ አይወዱም። ወንድ ናቸው» አልኋት።

ጻፍሁላቸው፤ «ልጅ ወልደን እሁድ ክርስትና ነው። እንዲያነሱልን እንለምናለን።» መልሳቸው አንዲት ቃል ነበረች፤ «በደስታ።» ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

እና እሁድ ጠዋት ቄሱ ብቅ አሉ። «የሕፃኑ ክርስትና አባት የታለ?»

«መንገድ ላይ ናቸው አባ...» እያልሁ ሳለ አንዲት ነጭ በነጭ የለበሰች ሴት በበሩ ገባች። ከኋላዋ ጃንጥላና ቦርሳ የያዙ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ይከተሏታል። ቀጥ ብላ ወደ እኛ መጣችና «መብረቅ ነኝ» አለች።

እኔ አልፌያት ወደ ሰውየው ሄድሁ። «እንኳን ደኅና መጡ ጋሽ መብረቅ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሰውየው ጃንጥላውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና በአገጫቸው ወደ እሷ ጠቆሙኝ።

ሴትዮዋ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንቱ ነዎት እንዴ የሚጽፉልኝ? እኔ እኮ ሴት ነዎት ብዬ ነው!»

«እኔ?!»

«ምን ላድርግ! የሚያለቅስ ፊት ደርድረው 'በሬዬ፣ ሆዴ፣ ዓይኑ ተንከራተተብኝ' ሲሉ... ባሏ ሥራ ፍለጋ ርቆባት ብቻዋን ከብት የምታደልብ ምስኪን መስለውኝ እኮ ነው እንደዚያ የተጨነቅሁ!»

ሚስቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እየሳቀች ነበር።

ሴትዮዋ ቦርሳውን ከፍታ ጥብጣብ ያለው ሮዝ ቀሚስ አወጣች። «ይቺ ለልጅቷ።» ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ፤ «የትኛዋ ልጅ?» ለካ ፕሮፋይሌ ላይ የለጠፍሁትን የልጄን ፎቶ አይታ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰችው እህቴ ያመጣችለት ኮፍያ ሮዝ ነዋ!

ቄሱ አልሳቁም። «ልጆቼ፣ ሕፃኑ ወንድ ነው። ወንድን ሴት አታነሳውም። ወንድ አምጡ፣ ቅዳሴ ልገባ ነው።»

ላብ አጠመቀኝ። ወንድሜን አሰብሁ... በጉን ሲገፍ ጉበት ቀምሷል። ሌሎቹ እኔ ቤት ድንኳን እየተከሉ ነው። ልጄ በእኔ አዋቂነት አርባው ሊያልፍበት ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ማልቀስ ነበር የቀረኝ።

መብረቅ ወደ ሰውየው ዞረች። «ጃንጥላውን አስቀምጥ» አለች። ባሏ ነበሩ።

«እህል ቀምሰሃል?» ቄሱ ጠየቁ።

«አልቀመስሁም አባ። ላስቀድስ ነው የመጣሁ።»

ልጄ ውኃው ሲነካው አለቀሰ። ሰውየው ታቅፈውት አብረውት አለቀሱ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ሲገባ ሳይ የልጄን ክርስትና አባት ወደድኋቸው።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ሴትዮዋን «ለምን ሴት ነኝ ብለው አልጻፉም?» አልኋት።

«ድሮ በራሴ ፎቶ ነበርሁ» አለች። «ስለ ፉርሽካ ስጽፍ 'አግብተሻል?' ነበር የሚመልሱልኝ። ሰንጋውን ከለጠፍሁ ወዲህ ስለ ፉርሽካ የሚጠይቀኝ በዛ።» ይሄ እንኳን አላሳቀኝም። ከእኔ ግሩፕ እኮ ነው የምታወራው።

ወደ ቤት ስንሄድ ባሏ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም ግሩፑ ውስጥ አለሁ። ጽጌ እባላለሁ። ጠዋት ጠዋት በውስጥ መስመር ለሚልኩልኝ አበባ ሳላመሰግንዎት...»

ጽጌ! ፎቶዋ ጽጌረዳ የሆነችው... እህቴ እያልሁ በልቤ የማስባት ጽጌ!

ሚስቴ ቆመች። ሳቋም ቆመ። «አበባውን ለማን መስሎህ ነበር የምትልከው?» አለችኝ።

እስካሁን መልስ እየፈለግሁ ነው... ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ ወንድም ሁኑ ሴት፣ እኔ ከእንግዲህ አልገምትም።