የተላጃው በር

ሥራዬ ከፖርት ሱዳን ገዳሪፍ ድረስ ዓሣና የቀዘቀዘ ዶሮ ማመላለስ ነው። ሱዳኖች ማቀዝቀዣ የተገጠመለትን ተሳቢ «ተላጃ» ይሉታል፤ እኛ አበሾቹም በዚያው ስሙ እንጠራዋለን። መንዳቱ አያስቸግርም። ሰው የሚያስረጀው ከሳጥኑ ግንባር ላይ የተለጠፈችው ትንሿ ሞተር ናት፤ እሷ ከቆመች ጭነቱ ሞተ ማለት ነው። ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ መለዋወጫ ከካርቱም መምጣቱ ስለቀረ ሾፌሩ ሁሉ በግዱ መካኒክ ሆኗል። እኔም በረሃ መሐል የተበጠሰ ቺንጋ በገመድ ጠፍሬ፣ የሚያፈስ የነዳጅ ቱቦ በሳሙና ደፍኜ የስንቱን ነጋዴ ዶሮ ከመበስበስ አድኛለሁ። ጓደኞቼ ሲበላሽባቸው ለእኔ ነበር የሚደውሉት፤ በዚህም ትንሽ እኮራ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ክረምት ክረምት በመተማ በኩል እየተሻገረ ቁረይሻ በሚባለው የሱዳን እርሻ አገር የሰሊጥ አረም ያርም ነበር። አንድ አገር ውስጥ እየሠራን በዓመት አንዴ ብንገናኝ ነው። ያን ክረምት ወባ ያዘው። ጓደኞቹ በትራክተር ጭነው፣ ጭቃው እየያዛቸው፣ እንደምንም ዶካ ሐኪም ቤት አደረሱት፤ ከደረሰ በኋላ ብዙም አልቆየም። እኔ ገዳሪፍ ዓሣ አራግፌ ሳጥኑን እያጠብሁ ሳለ ነው የተደወለልኝ። ውኃው ከማጠቢያው ጎማ እየፈሰሰ ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

የመኪናው ባለቤት ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። ወንድሜን በተላጃው ወስጄ ለእናቴ ላድርስ ብዬ ስለምነው እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገልኝ፤ ነዳጁንም ራሱ አስሞላልኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የምረግመው ሰው እንኳ አጣሁ።

እናታችን መርዶውን እንደሰማች ከመንደሯ ወርዳ መተማ ገብታለች፤ ድንበሩ ላይ ካለው ድልድይ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቀናለች። ስደውልላት ድምፅዋ አልቆ ነበር።

«አደራህን ልጄ፣ ፊቱን ሳላይ አፈር እንዳታለብሱት።»

በእኛ አገር ሬሳውን አይተው፣ አልቅሰው፣ እርማቸውን ካላወጡ ሞቱ ሞት አይሆንም፤ ሰውየው መንገድ እንደሄደ ሆኖ ልብ ሲጠብቀው ይኖራል። ይህን ስለማውቅ ደግሜ ደጋግሜ ቃል ገባሁላት። ግድ የለም እምዬ፣ ታይዋለሽ አልኋት። ተላጃ ያለው ሰው ነኝ፤ ምን ሊያቅተኝ!

ዶካ ስደርስ ጓደኞቹ አጥበው ገንዘውታል። እናቱ ትየው ብለው ፊቱን ብቻ ሳይሸፍኑ ትተውት፣ ከጣውላ በተመታ ሳጥን አስተኝተውታል። ናና እየው አሉኝ። ቆይ መጀመሪያ ቅዝቃዜውን ላስተካክል ብዬ ወደ ሞተሯ ወጣሁ፤ እነሱ እየጫኑ እኔ ከላይ ጋዙን፣ ዘይቱን፣ ቺንጋውን እመለከታለሁ። ሠራተኛ ነኝ፤ ሐዘን ሲመጣብኝ እጄ ሥራ ይፈልጋል።

ከጓደኞቹ ጋር ድንበሩ ላይ ገላባት ስንደርስ የኬላው በር ተዘግቷል። ከወዲያ ማዶ ተኩስ አለ አሉን። የኬላው መኮንን ወረቀታችንን አየ፣ የሐዘናችንንም ነገር ሰማ፣ ከልቡም አዘነልን፤ ግን እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» ከማለት ሌላ አልቻለም። ነገ፣ አላህ ከፈቀደ። ኬላው አጠገብ ከባድ መኪና ማቆም ስለማይፈቀድ ወደ ዶካ ተመለስን። አንድ ቀን ምንም አይደለም ብዬ ለእናቴ ነገርኋት። የራሱ በር ተዘግቶ ከቆየ ተላጃዬ ለሳምንትም አይሰንፍም ነበር።

በማግስቱም ድንበሩ አልተከፈተም። ወሬው ግን ቁረይሻ ደርሶ ኖሮ፣ አራሚዎቹ እግራቸው እስከ ጉልበት በዋልካ ጭቃ እንደተለወሰ በትራክተር ተሳቢ ተጭነው፣ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ መኪናዬን ካቆምሁበት የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ወረዱ። በሩን ክፈትልን አሉኝ። ከፈትሁ። እየተሳሳቡ ወጥተው ክዳኑን አነሡ፤ ፊቱን እያዩ፣ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱለት። ወንድሜ ይህን ያህል ወዳጅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ። እኔ ግን ወደ ውስጥ አልገባሁም፤ ጆሮዬ ሞተሯ ላይ ነበር።

የክረምት አየር እርጥብ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር እርጥበቱ ይገባና ከውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ቱቦ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። በረዶው ሲወፍር ነፋሱ መተላለፊያ ያጣል፤ ሞተሯ ትጮኻለች እንጂ ሳጥኑ አይቀዘቅዝም። ያኔ ማጥፋት፣ በረዶውን ማቅለጥ፣ እንደገና ማስነሣት ነው፤ በዚህ መሐል ሙቀቱ ይገባል። ጭነቱ ዶሮ ቢሆን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ እተኛ ነበር። ዶሮ አልቃሽ የለውም።

አለቀስሁም፣ ለመንኋቸውም። በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜው እንደሚያልቅ፣ እናቱ እንደምትጠብቀው አስረዳሁ። አንድ ጎልማሳ፣ ከወንድሜ ጋር አንድ ዳስ ያደረ ሰው፣ ትከሻዬን ይዞ እንዲህ አለኝ፦

«አንተ የሥጋ ወንድሙ ነህ። እኛ ደግሞ አብረን በልተን አብረን የታመምን ነን። እርማችንን ሳናወጣ እንዴት ብለን ወደ እርሻው እንመለስ?»

እንግዲያው ሁላችሁም ባንድ ጊዜ ገብታችሁ ውጡ፣ ከዚያ ይዘጋ አልሁ። ተስማሙ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። በሩን ዘግቼ ገና እጄን ሳላብስ የሌላ እርሻ ትራክተር መጣ። እነዚያ አይተው እነዚህን እንዴት ልከልክል? ከእነሱ ኋላ ደግሞ ዶካ ገበያ ሻይ የሚሸጡ የትግራይ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ወንድሜን አያውቁትም። ከትግራዩ ጦርነት ሸሽተው በሐምዳይት በኩል ድንበር የተሻገሩ ጊዜ ሳይቀብሩ ጥለዋቸው የመጡ ልጆችና ባሎች ነበሯቸውና በእሱ ላይ የራሳቸውን ሰዎች እየጠሩ በትግርኛ አለቀሱ። በሩን ራሴ ነበርሁ የያዝሁላቸው። እነሱ ሲወጡ ቴርሞሜትሩ ሽቅብ ወጥቶ አየሁና በረዶውን ላቀልጥ ሞተሯን አጠፋኋት።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ቁልቁለት ነው። ደጋግሜ ሳጠፋና ሳስነሣት ቺንጋው ተበጠሰ። ገዳሪፍ ደወልሁ፤ አንድ ወዳጄ በአውቶቡስ እልክልሃለሁ አለኝ፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ሳይመጣ ቀረ። ዶካ ያሉትን ጋራዦች ዞርሁ፤ በየደረስሁበት «ማፊ» ነው መልሱ፣ የለም። አንድ ባለ ወፍጮ ምስኪን ወፍጮውን አቁሞ የራሱን ቺንጋ ፈትቶ ሰጠኝ። ሰፊ ነበር፤ በጩቤ ሸንሽኜ አስገባሁት። ሞተሯ አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆና ትንሽ ዞረች፤ ከላይ ሆኜ ማርያምን እየተማጸንሁ ሳለ የጎማ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ቺንጋው ተበጣጥሶ ፊቴ ላይ ተረጨ። በረዶ ልግዛ ብዬ ገበያ ወረድሁ። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ መብራት በሌለበት በረዶ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ጭማቂ ሻጩ ባዶ ሣጥኑን ከፍቶ አሳየኝ፤ የሚዋሸኝ እንዳይመስለኝ ብሎ ይሆናል።

እንደገና ወጣሁ። መፍቻውን ይዤ፣ የማይፈታ እየፈታሁ፣ የማይገጥም እየገጠምሁ ከዚያች ሞተር ጋር ታገልሁ። ሰደብኋት፣ በቡጢም መታኋት። የሌላውን ሰው ዓሣ ያዳንሁበት እጄ ለእናቴ ልጅ ምንም አልፈየደለትም። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግለው ከሳጥኑ የሚመጣውን ነገር ሁላችንም አወቅን። ሰዎቹ ቀስ ብለው ነፋሱ ወደማይነፍስበት ወገን ተዛወሩ።

በመጨረሻ ያ ጎልማሳ መሰላሉን ይዞ ውረድ አለኝ። አጠገቡ አንድ ዲያቆን ቆሟል፤ እሱም ለአረም የመጣ ነው፣ መዳፉ እንደሌሎቹ ጠቁሯል።

«ከዚህ በላይ ብናቆየው ክብሩን እንነካበታለን» አለኝ ጎልማሳው። «አንተም አሁን አትየው። በደኅናው እንደምታውቀው ይቅርልህ።»

እኔም እሺ አልሁ። ምን አቅም ነበረኝ?

ለእናቴ የደወልሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለግሁም። ድንበሩ እንዳልተከፈተ፣ ማሽኑ እንደተበላሸ፣ እዚሁ ልንቀብረው እንደሆነ ነገርኋት። ሞተርና ቺንጋ ለእሷ ምኗ ነው? «ያየው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ አይቶታል አልኋት። ከዶካ ወጣ ብሎ አበሾች የሚቀበሩበት ሜዳ አለ፤ እዚያ ቀበርነው። ዲያቆኑ የሚያውቀውን ያህል ደገመለት፤ ካህን ስላልነበረ ፍትሐቱ ጎደሎ ነበር። አፈሩ ርሶ ስለነበር ከአካፋው አልላቀቅ እያለ አስቸገረን።

ድንበሩ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በእግሬ ተሻግሬ ሄድሁና ልብሱን ለእናቴ ሰጠኋት። በልብሱ አለቀሰች፣ የመተማም ሰው አለቀሰላት። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ መንደርሽ ላድርስሽ ብላት እንቢ አለች፤ የአገራችን ሰው ቤት ተጠግታ መተማ ቀረች።

ሰሊጡ ታጭዶ ሠራተኛው ወደ አገሩ መመለስ ሲጀምር ለምን እንደቀረች ገባኝ። ጠዋት ጠዋት ድልድዩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ጓዙን ተሸክሞ የሚሻገረውን ሁሉ ከየት እርሻ እንደመጣ ትጠይቀዋለች። ከቁረይሻ ያለ እንደሆነ ታስቆመውና የልጄን ፊት አይተኸዋል ወይ ትለዋለች። አንዱ የተኛ ነው የሚመስል ይላታል። አንዱ ሊያጽናናት ፈገግ ብሎ ነበር ይላታል፤ እሱን አታምነውም። ጢሙ አድጎ ነበር? ከስቶ ነበር? ዐይኑ ገጥሞ ነበር? አዎ ያላትንም፣ የለም ያላትንም ሁሉን ትሰበስባለች። እነዚያ እኔ በሩን ልዘጋባቸው የተጨቃጨቅኋቸው ሰዎች ናቸው አሁን ያላት ነገር ሁሉ።

ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ተሻግሬ እጠይቃታለሁ። አንድ ቀን አጠገቧ ቆሜ ሳለ መንገደኛውን ሸኝታ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ ልጄ? አንተ እንዴት አየኸው?»

ሲጭኑት ከላይ ነበርሁ። ሲያለቅሱለትም ዐይኔ ቴርሞሜትሩ ላይ ነበር። በኋላም አትየው ሲሉኝ አላየሁትም። ልዋሽ አፌን ከፈትሁና የምዋሸው አጣሁ፤ ጢም እንኳ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። አላየሁትም እምዬ አልኋት።

ብዙ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ድንጋዩ ላይ ትንሽ ጠጋ አለችልኝ፤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። አንድ ሰው ማጭዱን ከጓዙ ጋር አሥሮ ከድልድዩ ወረደ። ከቁረይሻ ነኝ አለን። እሷ እስክትጠይቀው አልጠበቅሁም።

«ዶካ ላይ፣ ተላጃው ውስጥ ያለቀሳችሁለትን ልጅ፣» አልሁት፣ «ፊቱን አይተኸዋል?»