በነጥብ የጻፍኩት ስድብ

ደሴ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መናኸሪያው ላይ ተኝቷል። የውጫሌው ሚኒባስ ውስጥ አሥራ ሦስት ሰው፣ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት፣ አንድ የታሰረ ዶሮ እና እኔ አለን። ከሁላችን የተከበረው ዶሮው ነው፤ ጋቢና ተቀምጧል። እኔ ከኋላ ጉልበቴን አገጬ ሥር ወትፌያለሁ። ደረት ኪሴ ውስጥ አንድ የተመለሰ ደብዳቤ አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲመለስ ያደረግኩትም እኔው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አምባሰል፣ ውጫሌ እንግሊዝኛ አስተማርኩ። ከመጨረሻዎቹ ተማሪዎቼ አንዷ ዘይነባ ዓረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ሠራች። ታናሽ እህቷ ራህማም ተከተለቻት፤ እዚያው ቤት ገባች። እመቤቲቱ ሁለቱንም በእንግሊዝኛ ስትሰድብ ትውላለች። ዘይነባ አልቻለችም፣ አምልጣ መጣች። ራህማ እዚያው ቀረች። የሠራተኞችን አቤቱታ የሚቀበል አንድ ቢሮ "የተባላችሁትን ጽፋችሁ ላኩ፤ ልጅቱን እናስወጣለን" አለ። ታዲያ ማን ይጻፍ? ቲቸር!

ጻፍኩ። ግን እኔ ጨዋ ነኛ! እንግሊዞችም እንደኛው ነውርን በጨርቅ ይጠቀልላሉ፤ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ጠርተው "የኤፍ ቃል" ይላሉ፣ ሲጽፉት ቀሪውን በነጥብ ይሞሉታል። ክፉ ቃል ያመለጠው ደግሞ "ፈረንሳይኛዬን ይቅር በሉኝ" ይላል፤ ፈረንሳዮቹ ምን እንዳደረጓቸው እንጃ። ይህን ጥበብ ዕድሜ ልኬን አስተምሬያለሁ። ደብዳቤውንም በፊደልና በነጥብ አሳምሬ ላክሁት። ሁለት ወር ቆይቶ ተመለሰ፦ ቃሉ ስላልተገለጸ ጉዳዩን ማየት አልቻልንም።

ሐይቅ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሐይቁ ዛሬ የአመድ ቀለም አለው። ሁለት ጀልባ ዳር ላይ ተገልብጧል። የተጠበሰ አሳ አዘዝን፣ መቶ ሰማንያ ብር፤ እሾሁ ከሥጋው ይበልጣል። ሾፌሩ ከድርም የድሮ ተማሪዬ ኖሯል። አጠገቤ ተቀምጦ ይስቅብኛል።

"ቲቸር፣ አንቱ በፊደሉ ብቻ ያስተማሩንን ቃል ፊልም በሙሉ ስሙ አስተዋወቀን እኮ።"

"አንተ ባለጌ! እንግዲህ ስትሰድብበት ትውላለህ።"

"ኧረ ወላሂ እኔ አንድ ቀን አልሰደብኩበትም። ሳዑዲ እያለሁ አለቃዬ ነው በሱ የሚጠራኝ። አራት ዓመት ስሜ እሱ ነበር።"

እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን አሳውን ወደ ጎን ገፋሁት። ከዚያ እስከ ውጫሌ ድረስ አንድ ቀልድ አላወጣሁም፤ ለእኔ ይህ ከጾም ይከብዳል።

ከውጫሌ በላይ፣ ረፋድ 5 ሰዓት

ከአስፋልቱ ወጥቼ ዳገቱን ተያያዝኩት። በየመቶ እርምጃው ቆሜ መልክዓ ምድሩን አደንቃለሁ፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሁሉ አድናቂ ነው። ማሽላው ቀጭጯል። የእነ ዘይነባ ቤት ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ የልጆቹ ላብ ነው።

ሰይድ፣ አባታቸው፣ እኩያዬ ነው። በሌላ ጊዜ "ይህ ሽማግሌ ዛሬም አልሞተ?" ይለኝ ነበር። ዛሬ እጄን ይዞ አስገባኝ።

ወረቀት አወጣሁ። ዘይነባ ከፊቴ ተቀመጠች። አየችኝ፣ ከዚያ አባቷን አየች። በእኛ አገር ሴት ልጅ በአባቷ ፊት እንኳን ስድብ የባሏን ስም አትጠራም። ሰይድ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ።

"አልወጣም" አለ። "ልጆቼ የሰሙትን እኔ የማልሰማው ምን ሆኜ ነው? እሷን ግን እንዳይከብዳት…" ፎጣውን አንስቶ ራሱ ላይ ጣለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቅም።

"አስተግፊሩላህ" አለች ዘይነባ፤ ጀመረችም። ቀስ ብላ፣ እንደ ቃል ጥናት፣ አንድ በአንድ። አነጋገሯ ጥርት ያለ ነው፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

እጄ ግን ልማዱን አይተው! የመጀመሪያውን ፊደል ጽፎ ነጥብ ጀመረ። አየችብኝ።

"ቲቸር፣ ነጥቡን ይተዉት። እሷ በነጥብ አልሰደበችንም።"

ሰረዝኩት። ሙሉውን ጻፍኩ። በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። አሥራ ሰባት ቃል ሆነ። አንባቢዬ፣ ለአንተ አልደግማቸውም፤ ያንተ እህት እዚያ ቤት የለችም።

ዘይነባ ወረቀቱን በስልኳ አንስታ ላከችው። "አብሽሩ ቲቸር፣ አሁን ያወጧታል" አለችኝ። እሷ እኔን ታጽናናለች።

9 ሰዓት

ስልኬ ጠራ። ኔትወርክ የሚይዘው አጥሩ ጋ ስለሆነ ይዤው ወጣሁ። ከቢሮው የምትደውል ያገራችን ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ደክሟል።

"አባባ፣ ደብዳቤው አሁን ተሟልቷል። ልጅቷ ግን እዚያ ቤት የለችም። አሠሪዋ ጠፋች ብላ ካመለከተች ሦስት ሳምንት ሆኗል። የት እንዳለች አናውቅም።"

ሰይድ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየኛል። ከአጥሩ እስከ ደጃፉ ሃያ እርምጃ ነው። "ቤት ቀይራለች"፣ "ትንሽ ይቆያል"፣ "ስልኳ አይሠራም"፤ የለሰለሱት ቃላት ሁሉ አፌ ውስጥ ተሰለፉ። አዋቂ ነኝ ለዚህ።

"ሰይዶ" አልኩት፣ "ራህማ ጠፍታለች። ያለችበትን የሚያውቅ የለም። መጀመሪያውኑ በደንብ ጽፌ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቤት ያገኟት ነበር።"

"ኢና ሊ…" ብሎ ጀመረና ዋጠው፤ ያ ለሞተ ነው። ዘይነባ ከውስጥ ሰምታ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ።

"ግባ" አለኝ። "ሌላ ጻፍ። የጠፋ ሰው ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?"

"ስም፣ ዕድሜ፣ ምልክት።"

"ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። ጥጃ ነው የረገጣት። ስትስቅ በእጇ ትሸፍነዋለች።"

ጻፍኩ። ከታች አስፋልቱ ላይ ከድር የመልስ ጉዞውን ጥሩምባ ነፋ፤ አልተነሳሁም።

"ዕድሜ?"

"ሃያ አንድ" አለ። ከዚያ በጣቱ ወራቱን ቆጠረ። "አይ። በዚህ ወር ሃያ ሁለት።"