ቀይ መብራት ሲበራ

ግቢ ውስጥ ቪዲዮ የምንማረው በቡድን ነበር። የኛ ቡድን ሁለት ወንዶችና እኔ ነን፤ እነሱ ካሜራውን ይዘዋል፣ እኔ ማይክ የሚታሰርበትን ረጅም ዘንግ። ክንዴ እየዛለ «ከፍ አድርጊው፣ ጥላው ገባ» ስባል ነው ኮርሱን የጨረስኩት ማለት ይቻላል።

የመመረቂያ ፊልማችንን ዱብሉቅ፣ የቦረናዎቹ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ጋ ልንሠራ ስንነሳ ግን መምህራችን «የመጀመሪያውን ቀረጻ እሷ ትያዝ» አለ። «ደህና ነገር ካመጣች ፊልሙን እሷ ትቀርጻለች። ካላመጣች ወደ ዘንጓ።»

«ዘንጉን አቧራውን ጠርገን እናስቀምጥልሻለን» አለኝ አንደኛው ልጅ።

ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ካሜራውን ጭኔ ላይ አድርጌ ፎከሱን አዞራለሁ፣ እመልሳለሁ፣ በመስኮት ግራሩንም ግመሉንም ፍሬም ውስጥ አስገባለሁ። ችኩል ነኝ፣ አልክድም። ነጌሌ ያደግኩት የአባቴ ሱቅ ውስጥ ነው። ደንበኛው «አካም፣ ናጋ?» ብሎ የከብቱንም የልጁንም ደህንነት ጠይቆ ሳይጨርስ እኔ «ስኳር ነው ዘይት?» እላለሁ። አባቴ «ይቺ ልጅ ገበያ ታባርራለች» እያለ ወደ ጓዳ ይሰደኝ ነበር።

ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ የከብቶቹን ተራ የሚያስከብሩትን ሽማግሌ አገኘን። ከብት እስኪመጣ ሊያናግሩን ፈቀዱ። ስታንዱን ተከልኩ፣ ድምፅ አስሞከርኩ፣ ለሳቸውም በኦሮምኛ አስረዳኋቸው፦ «አባ፣ ይቺ ቀይ መብራት ስትበራ ብዙ ሰው እያየዎት ነው ማለት ነው። ያኔ ስለ ውሃው ይንገሩኝ።»

አበራሁ። ሽማግሌው ሌንሱን አዩና «አካም፣ ናጋ? ሎን ናጋ? ኢጆሌን ናጋ?» ብለው ከብቱንም ልጁንም ጠየቁ፣ ወደ ዝናቡ ተሻገሩ።

«ከት» አልኩና አጠፋሁት። «አባ፣ ሰላምታውን እንለፈውና ስለ ውሃው።»

«እሺ።»

አበራሁ። «አካም፣ ናጋ? ሎን ናጋ?»

አሁንም አጠፋሁ። ዘንጉን የያዘው ልጅ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ማይኩ አናታችን ላይ ይወዛወዛል። የቀረን አንድ ባትሪ ነው፤ ሌላውን ወንዶቹ መንገድ ላይ ለምሳ ስንቆም ካሜራውን ወስደው ፍየል ሲቀርጹ ጨርሰውታል። እዚያ ደግሞ ቻርጅ የሚደረግበት የለም።

«አባ፣ እኛ እኮ ሰላም ተባብለናል» አልኳቸው።

«ከናንተ ጋር አዎ።» በበትራቸው ወደ ሌንሱ ጠቆሙ። «እነዚያ ግን አሁን መምጣታቸው ነው። ስታጠፊው ይሄዳሉ፣ ስታበሪው ይመጣሉ። የመጣን ሰው ደህንነቱን ሳይጠይቁ ወሬ ይጀመራል እንዴ?»

ለካ እኔው ነኝ እንግዶቹን የማመላልሳቸው። ካጠፋሁ የሚሄዱ ከሆነ በቃ፣ አላጠፋም።

አበራሁ። ሽማግሌው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ካሜራ የያዘ ሰው አይናገርም ተብለን ተምረናል፤ እኔ ግን በእንግዶቹ ፈንታ መለስኩ። «ናጋ። ሎን ናጋ። ኢጆሌን ናጋ።» ከዚያ እኔም ጠየቅኳቸው፦ ከብቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን። አንድም ሳልዘል። የባትሪው ምልክት ሲቀንስ በአይኔ ጥግ እያየሁ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። የመጨረሻውን «ናጋ» ከተባባልን በኋላ ወሬ አልጀመሩም፤ ተነሱ።

«በሉ ኑ፣ ውሃውን ላሳያችሁ» አሉ፣ ለሌንሱ።

ካሜራውን ከስታንዱ ነቅዬ ተከተልኳቸው። መብራቱ እንደበራ ነው። በቁልቁለቱ ስንወርድ ሰዎቹን ከማየታችን በፊት ዘፈኑ ከታች መጣ። ከዚያ ታዩ፤ ከጉድጓዱ ሆድ እስከ አፉ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ውሃውን በባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይወረውራሉ፣ ዘፈኑም አብሮ ይወጣል። ባልዲ ሲያዝ ድምፅ፣ ባልዲ ሲለቀቅ ድምፅ። ሽማግሌው በትራቸውን አነሱ፣ ተራቸው የደረሰ ላሞች እየተጋፉ ገቡ። ፍሬሙ እንዳይናወጥ ክርኔን ጎኔ ላይ አጣበቅኩ። የባትሪው ምልክት ይርገበገባል። ውሃው ገንዳው ውስጥ ፈሰሰ፣ አንዲት ነጭ ላም አፏን ነከረች፣ ካሜራው ጠፋ።

ምንም አልመሰለኝም። ይዤዋለሁ።

ግቢ ተመልሰን ለመምህራችን ስናሳየው አንደኛው ልጅ ቀድሞ «ሰላምታውን እንቆርጠዋለን፣ በጣም ረዘመ» አለ።

መምህሩ ወደኔ ዞረ። «አንቺስ?»

«አይቆረጥም» አልኩ። «እሱን ከቆረጥነው ሽማግሌው ለምን እንደተነሱ ማን ያውቃል?»

መልሶ ከመጀመሪያው ከፈተው። ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ላሟ አፏን ስትነክር «ባትሪው እዚህ አለቀ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እዚህ።»

ተነስቶ ጥግ የቆመውን ዘንግ አመጣና ለልጁ ሰጠው።

በሳምንቱ ዱብሉቅ ተመልሰን እዚያው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆምን። አይኔን ካሜራው ላይ አድርጌ ፍሬሙን አየሁ።

«ከፍ አድርገው» አልኩት፣ «ጥላው ገባ።»