ከእማማ ዘሀራ ላም ሆድ የወጣው ፌስታል

ዛሬ ጠዋት የጎረቤታችን የእማማ ዘሀራ ላም ሆዷ ተከፍቶ አንድ ሱቅ የሚሞላ ፌስታል ወጣላት።

አትደንግጡ፣ ላሟ ደህና ናት። ሰሞኑን መብላት አቁማ ሆዷ ስለተነፋ ነው የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ በማደንዘዣ የከፈታት።

ሐኪሙ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ይጎትታል። ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ባለ መስመር። አንዱማ እንደታሰረ ነው የወጣው። የላም ጨጓራ ያልፈታው ቋጠሮ፤ ጥራት ማለት ይሄ ነው።

እኛ የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ሰዎች ከበን ከንፈር መጠጥን። እኔም ዳቦዬን በፌስታል እንዳንጠለጠልኩ በጣም አዘንኩ። ማን እንደጣለው ግን የሚያውቅ ጠፋ። ከዝናቡ ጋር ወርዶ ይሆናል።

ስፌቱ ሲያልቅ እማማ ዘሀራ ለሐኪሙ ምስጋና ብለው ቅቤ ይዘው ወጡ። አንድ ደግ ጎረቤታችን "በዚህ ያድርጉለት" ብሎ ከኪሱ ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? አዲስ ፌስታል።

እማማ ዘሀራ ትንሽ አዩት። "ልጄ፣ እሱን አንተ ለምሳህ ብላው" አሉና ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ቅቤውን ጠቀለሉ።

ለሐኪሙም "ቅጠሉን መንገድ ላይ ብትጥለው እንኳ ላሜ በልታ ወተት ታደርገዋለች" አሉት።

ላሟ ከሰዓት በኋላ ሣር መቅመስ ጀምራለች፣ አልሀምዱሊላህ። ከሆዷ የወጣው ሥልጣኔ ግን አሁንም ግቢው ጥግ እንደተከመረ ነው፤ የት እንደሚጣል የሚያውቅ የለም።

በእናንተ ሰፈርስ ከብቶቹ ምን እየበሉ ነው? ሊሙ ገነትና ደዶ ያላችሁም ጻፉልኝ፤ የሠለጠነችው የኛዋ ላም ብቻ እንዳትሆን።