ሃያ ስምንት ያለው አባቴ

አባቴ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያው አጠገብ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። ዐይኑ ሲደክም የስፌት መኪናውን ለሌላ ሰው አስረክቦ ቤት ዋለ። እናቴ ስትሞት ደግሞ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ወደተከራየሁት ቤት አመጣሁት። መርሳት የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋበት። ጭልፋውን «ያ የሚጨለፍበት» ይለው ጀመር። ከዚያ እኔን በአክስቴ ስም መጥራት መጣ፤ ከዚያም ምሳ በልቶ ከተነሣ በኋላ ምሳ መጠየቅ።

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ነገርን በሰንጠረዥ ካላስቀመጥኩት የገባኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፤ ቀን፣ የረሳው ነገር፣ ያልረሳው ነገር። ሦስተኛው ዓምድ ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ እዚያ የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የበዓላት ቆጠራ።

አባቴ የቤተ ክህነት ተማሪ አልነበረም። በወጣትነቱ የአንድ መሪጌታ ቀሚስና ካባ ሲሰፋ፣ እሳቸው ልብሳቸውን እየጠበቁ ያጫወቱትን ነው የያዘው። በአውራ ጣቱ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካካ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ በስንት እንደሚውል ያወጣል። የሰፈሩ የጽዋ ማኅበር ሰዎች ቀን ሲያከራክራቸው እሱ ጋ ይመጡ ነበር። ስሜን ቢረሳም ጣቶቹ አልረሱም።

ኅዳር ዐሥራ አራት ቀን ግን እነሱም ረሱ ብዬ አሰብኩ። የገና ጾም የሚገባው በዐሥራ አምስት ነው ብዬ ለቅበላ ጥብስ ሠራሁ። አባቴ ሳህኑን በመዳፉ ገፋ አደረገው።

«ጾም ነው» አለ።

«ነገ ነው አባዬ። ዛሬ ገና ዐሥራ አራት ነው።»

«ዐሥራ አራት ስለሆነ ነዋ።»

ጥብሱን ብቻዬን በላሁ። ከዚያ ደብተሩን አውጥቼ ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ «የጾም መግቢያ ተሳሳተ» ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ሳምንት ወደ ክሊኒክ ወሰድኩት።

ሐኪሙ በዕድሜ እኔን የሚያህል፣ ትሑት ልጅ ነበር። ወንበሩን ወደ አባቴ አስጠግቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠይቃል። የት ከተማ ነን፤ ወሩ ማን ነው፤ ከመቶ ላይ ሰባት ሲቀነስ። አባቴ ጅማ አለ፣ ኅዳር አለ፣ ቅነሳው ጠፋበት።

«ጎበዝ አባባ። እሺ፣ ገና በስንት ይውላል?»

የአባቴ አውራ ጣት ተነሣ። አንጓዎቹን ነካ ነካ አድርጎ ፊቱ ፈካ፤ የሚያውቀው ጥያቄ መጣለት።

«ዘንድሮ ዮሐንስ ነው። ሃያ ስምንት ነው።»

«ዮሐንስ ማን ነው? ልጅዎ ነው?»

«ወንጌላዊው» አለ አባቴ፤ በሐኪሙ አለማወቅ ትንሽ ፈገግ እያለ። «ጳጉሜ ስድስት ነበረች'ኮ።»

ሐኪሙ ወደኔ ዞረ። ያኔ ዝም ብል ኖሮ፣ ወይም «እሱ ይሻላል፣ እሱን ይጠይቁት» ብል ኖሮ። ግን ሲጠይቁኝ ማስረዳት እወዳለሁ።

«ሃያ ዘጠኝ ነው» አልኩ። ከዚያ ለአባቴ፣ ሰባተኛ ክፍል ፊት እንደቆምኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃል እየለየሁ፦ «አባዬ፣ የሚንቀሳቀሰው ፋሲካ ነው። ገና ቋሚ በዓል ነው፤ አይነቃነቅም። ጳጉሜ ደግሞ አልፋለች። አሁን ኅዳር ላይ ነን።»

«ኅዳር መሆኑንማ ነግሬዋለሁ» አለ። ሐኪሙን አየ፤ ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ አንድ ምልክት አደረገ። እኔን አየ። አውራ ጣቱን እንደገና አንስቶ መጀመሪያው አንጓ ላይ አሳረፈው፤ ከዚያ አልቀጠለም። እጁን ጭኑ መሃል ከተተው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ሃያ ዘጠኝ አልሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ገራም ሆነ። ዛሬ ስንት ነው ብሎ ይጠይቀኛል፤ ስነግረው ይቀበላል። ያን ሹራብ ልበስ ስለው ይለብሳል፤ ግባ ስለው ይገባል። ደስ አለኝ። ሥራዬ ቀለለልኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው። ከተማሪዎቼ ግማሹ ቤተሰባቸውን ለማገዝ ወደ አጋሮና ወደ ጌራ ሄደው ነበር። ክፍሉ ባዶ ሲሆንብኝ አንድ ከሰዓት ለአባቴ የበዓል ነጠላ ልገዛ ሄርማታ ወረድኩ። ከአባቴ የድሮ ሱቅ ጎን የሚሸጡት የጨርቅ ነጋዴ እስላም ናቸው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አጎቴ እላቸዋለሁ።

«አካም ቡልተ ቲቸር» አሉኝ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ደርሳ እንደምን አደርሽ ማለታቸው ለመዘግየቴ ነው። «አሁን ነው የሚመጣው? ጥሩ ጥሩው ሄዷል። አባትሽ ሃያ ስምንት መሆኑን አልነገረሽም?»

«ሃያ ዘጠኝ ነው አጎቴ። እርስዎ ከኛ በዓል ጋር...»

«ማሎ፣ እባክሽ፣ እኔን ነው የምታስተምሪው?» ሳቁ። «በአራት ዓመት አንዴ፣ ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግስት ገና በአንድ ቀን ይቀድማል። አባትሽ ነው ያስተማረኝ። በሱ ጣት ነው ጨርቅ የማስመጣው፣ ዋላሂ አንድ ቀን አሳስቶኝ አያውቅም። እስላሙ እያወቀ አንቺ አታውቂም?»

አጠገባችን ነጠላ የምትመርጥ ሴት አቀርቅራ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ስሕተቴ የት እንደሆነ ማታ አገኘሁት። የትምህርት ቤታችንን ዓመታዊ ዕቅድ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በዓላቱን ካምናው ዕቅድ ላይ ነበር የገለበጥኩት፤ በንጹሕ ጽሑፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ። በሕይወቴ ብዙ የዮሐንስ ዓመት አልፎብኛል፤ በዓል መጣ ሲባል በላሁ እንጂ ቀኑን አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌታ የተፀነሰው መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ነው ይባላል። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው፤ አምስቱ ቀን ጳጉሜ ናት። የገና ቀን ያለ ምክንያት የወደቀ ሳይሆን የእርግዝና ልክ ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። ተከትሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ሃያ ዘጠኝን ብንጠብቅ እርግዝናው አንድ ቀን ይረዝማል። ስለዚህ በዓሉ በሃያ ስምንት ይውላል፤ ጾሙም በዐሥራ አራት ይገባል። አባቴ ክሊኒክ ውስጥ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር የተናገረው ይህን ሁሉ ነው። አሁን አሳምሬ ላስተምረው እችላለሁ። ምንም አይጠቅመኝም።

ለአባቴ ነገርኩት። እግሩ ሥር ተቀምጬ፣ ወራቱን ወረቀት ላይ ደርድሬ፣ አንተ ነህ ልክ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያየው።

«ደግ ነሽ» አለኝ። «ግን እንዳላዝን ብለሽ አትዋሺ። ሐኪሙም አይቶኛል።»

በማግስቱ ደግሜ ነገርኩት። በሦስተኛው ቀን ተቆጣሁ፤ ተቆጥቼ ትክክል መሆኑን ነገርኩት። እሺ፣ እሺ አለ። ሃያ ዘጠኝ ግን ከውስጡ አልወጣም። ከያዘው ሁሉ ይህች አንዷ ብቻ ጸንታ ቀረች፤ እኔ የሰጠሁት።

ሃያ ስምንት ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ እንኳን አደረሳችሁ ይባባላል። ዶሮውን ሠርቼ አቀረብኩ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ በሹራቡ ተቀምጧል።

«ዛሬ ጋድ ነው። ነገ ያድርሰን» አለ።

ነጋዴው ብርቱካን ይዘው መጡ። ሁኔታውን ደጅ ላይ ስለነገርኳቸው ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ? ሠላሳ ዓመት በጣትህ ስነግድ ኖሬ አሁን ልታከስረኝ ነው? በልና ቁጠር እስቲ።»

«ያኔ ነዋ» አለ አባቴ። «አሁን ልጄ ናት የምትቆጥርልኝ። የተማረች ናት።»

«እሷማ ከኔም አታውቅም።»

«ተዋት። ደክሟት ነው።»

ከብርቱካኑ አንዱን ልጠው ሰጡት። የጾም ነው ብሎ በላ። ነጋዴው ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው አላህ ያሽረው ብቻ አሉና ሄዱ። አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ እህል አልቀመሰም። ከዚያ ሽሮ ሠራሁለት። የልደት ዕለት አባቴን ሽሮ ያበላሁት እኔ ነኝ።

ሃያ ዘጠኝ ተራ ቀን ነው። አስተምሬ ለምሳ ስመለስ አባቴ አዲሱን ነጠላ አጣፍቶ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ አልበላም፤ ቀኑን እኔ አረጋግጬ እስክነግረው ይጠብቅ ነበር።

«ነው?» አለኝ።

ክፍል ውስጥ ቢሆን አርመው ነበር። «ነው» አልኩት። «እንኳን አደረሰህ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

የትናንቱን ዶሮ አሙቄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎት ጥቂት ጎረሰ። ከዚያ እጁ እንጀራው ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ዐይኖቼን ፈለገ።

«ጠግቤያለሁ?» አለኝ።

ሳህኑን አየሁት። ግማሹ አልተነካም። ምን ያህል እንደራበው የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፤ እሱም መልሱን ይጠብቃል።

«ትንሽ ጨምር» አልኩት። ጨመረ። እንደገና ቆሞ አየኝ፤ «በቃህ» አልኩት፤ እጁን ሰበሰበ።